በገዛ ከተማ የሦስት ቀን እንግድነት

አበው እንግዳን በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይሉታል። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሰንብቶ አልነሣ ያለን ሰው በነገር ለመውጋት ነው። ነገር ግን በሌላ ዐይን ማየትም ይቻላል። ወርቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ብር ለበዓል ይወጣል፤ ብረት ግን የዕለት ተዕለት ዕቃ ነው። በሦስተኛው ቀን እንግዳው ከሳሎን ወደ ጓዳ ይዘልቃል፤ ቡና ሲቆላ አጠገብ ይቀመጣል፤ ቤተኛ ይሆናል። ታዲያ ክብሩ ቀነሰ ወይስ ጨመረ? መልሱ የሚወሰነው እንግዳው ወደ ቤቱ በመጣበት ምክንያት ነው።

ይህን መንደርደሪያ ያነሣሁት ስለ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለመናገር ነው። «ሦስት ቀን በአዲስ አበባ» በሚል ወይም በተመሳሳይ ርእስ ለባልና ሚስት፣ ለእጮኛሞችና ለሙሽሮች የሚዘጋጁ የጉብኝትና የምግብ ዕቅዶች አሉ። በሆቴል መግቢያ፣ በጉዞ ወኪሎች በራሪ ወረቀት፣ በእንግዳ መምሪያ መጻሕፍት እናገኛቸዋለን። ልብ ብሎ ላነበባቸው እነዚህ ዕቅዶች ድርሰቶች ናቸው። መነሻ፣ ማዕከልና መደምደሚያ አላቸው፤ የሚያጎሉት አለ፤ ዘለው የሚያልፉት አለ። ገጸ ባሕርያትም አሏቸው፤ ስማቸው የማይጠራ ጥንዶች። ስለ ልብ ወለዶቻችንና ስለ ቴያትሮቻችን ሂስ ስንጽፍ ኖረናል። ከተማችንን ለባዕድም ለእኛም ስለሚተርከው ስለዚህ አጭር ድርሰት ግን እምብዛም አላልንም። እኔ ዛሬ ልሞክር።

ጥንዶቹ ከየት ናቸው?

የዕቅዱ ጥንዶች ከአውሮፕላን የሚወርዱ ናቸው። ታሪካቸው ቦሌ አየር ማረፊያ ይጀምራል፤ እዚያው ያልቃል። እኔ የምኖረው ገርጂ ነው፤ ከአየር ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ወሬያችንን ገታ አድርገን እንጠብቅና ድምፁ ሲርቅ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ከላይ በመስኮት የሚያየን እንግዳ የሰፈሩን ስም አያውቅም፤ በእጁ የያዘው ዕቅድም አይነግረውም። በእርግጥ ገርጂ ሙዚየም የለውም፤ ቤተ መንግሥትም የለውም። ያለው መብራት ኃይል የሚባለው የታክሲ ማቆሚያ፣ ሮባ ዳቦ ቤት ስሙን የሰጠው አካባቢ፣ ገርጂ ጊዮርጊስ፣ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ጃክሮስና ወደ ጎሮ የሚወስደው መንገድ ነው። ደግሞም በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ኑሮ በአዲስ አበባ ሲጀመር በሙከራነት የተሠሩት ሕንፃዎች እዚሁ ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ጥንዶቹ ከገርጂ ቢነሡስ? ዕቅዱ ለእነርሱ ይሠራል ወይ? ካልሠራስ ጉድለቱ የጥንዶቹ ነው ወይስ የድርሰቱ?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በዚህ ከተማ ሁለቱም ሥራ የያዙ ባልና ሚስት ጠዋት በተለያየ ታክሲ ይወጣሉ፤ ማታ ሰልፍ ያደከመው ገላቸውን ይዘው ይገናኛሉ። እሑድ ለቀብር፣ ለለቅሶ ቤት፣ ለዕድርና ለልብስ አጠባ ይሄዳል። ተከታትለው የሚመጡ ሦስት የዕረፍት ቀናት በዓመት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነዚያን ቀናት የት አብረው እንደሚያሳልፉ ማሰብ ስለ ትዳራቸው ማሰብ ነው። ከተማይቱ የማን ናት የሚለውም ጥያቄ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል።

ዕቅዱ የማያውቀው መቁጠሪያ

ረዥም የሳምንት መጨረሻ የሚገኘው በዓል ዓርብ ወይም ሰኞ ሲውል ነው። ለሙከራ የ2018 ዓ.ም. የዓድዋ በዓልን እንውሰድ። የካቲት 23 ሰኞ ነው፤ ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ሦስት ቀን ሞላ ማለት ነው። ይሁንና በዚያው ዓመት ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 9 ሲሆን ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይጀምራል። የመጀመሪያው ሂሴ ከዚህ ይነሣል።

ዕቅዶቹ ምግብን በሰዓት ይደለድላሉ። ቁርስ በሆቴል፣ ምሳ በሁለት ጉብኝቶች መካከል፣ እራት ከባህል ጭፈራ ጋር። በዚህ ድርሰት ውስጥ የሚጾም ሰው የለም። ከገርጂ የተነሣችው ሚስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ብትሆን የምሳው መስመር ለእርሷ ባዶ ነው። ጥንዶቹ ሙስሊሞች ከሆኑ ደግሞ ቀኑ በሙሉ ወደ አንዲት ደቂቃ፣ ወደ መግሪብ አዛን ያዘነብላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው። ለእንዲህ ያሉ ጥንዶች የቀኑ ቁንጮ ሙዚየሙ ወይም መናፈሻው ሳይሆን አብረው የሚያፈጥሩባት ሰዓት ናት። የት ሆነው ያፈጥራሉ? በታክሲ ሰልፍ ላይ ወይስ ቤታቸው ደርሰው? ዕቅድ ማለት ይህን ጥያቄ ቀድሞ መመለስ ነው።

መምሪያዎቹ የጾም ምግባችንን «ሥጋ ለማይበሉ ተስማሚ» እያሉ ያሞግሱታል። ሙገሳው ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። ሱፍ ፍትፍት፣ አዚፋ፣ ተልባና ስልጆ ሥጋ የጎደላቸው ምግቦች አይደሉም፤ የራሳቸው ወቅት ያላቸው ምግቦች ናቸው። ስልጆን ብቻ እንውሰድ። የባቄላ ዱቄት ተበጥብጦ፣ በስሎ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት እስኪብላላ ቀናት ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ምግብ ዛሬ አስበውት ዛሬ የሚደርስ አይደለም፤ አስቀድሞ ያሰበለት እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ስልጆ የሚገኝበትን ቤት የሚያውቅ ሰው ከተማውን ያውቃል እላለሁ። በገርጂም ቢሆን በሁዳዴ የትኛው ምግብ ቤት በየዓይነቱን ከልቡ እንደሚሠራ፣ የትኛው ደግሞ የፍስክ ወጡን እስኪመለስበት ድረስ ሽሮና ጎመን ደርድሮ እንደሚጠብቅ ሰፈርተኛው ጠንቅቆ ያውቃል።

ቅዳሜ፤ ሁለት አደራደሮች

ከገርጂ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በታክሲ፤ ከዚያ በአምስት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ በእግር። በየትኛውም ዕቅድ ላይ ይህ መንገድ አለ፤ መኖሩም ተገቢ ነው። አምስት ኪሎ በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ትጠብቃለች። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ባለታሪክ በከተማችን ካሉት ሁሉ ይልቅ ስሟ በዓለም የታወቀ ሳትሆን አትቀርም። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂዋ ነው። ቅጂ ነው ብሎ ማዘን አያስፈልግም፤ እንደዚያ ያለ አጥንት ሊጠበቅ ይገባዋልና።

እኔ ረዘም ላለ ጊዜ ጥንዶቹን የማቆማቸው ግን ስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሚገኘው በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። ሕንፃው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከደጁ ፋሺስቶች የሠሩት፣ ወደ ሰማይ እየተጠማዘዘ ወጥቶ የትም የማያደርስ የደረጃ ሐውልት ቆሟል። በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። የጠላትን ድርሰት ሳያፈርሱ በላዩ ላይ መልስ መጻፍ እንዲህ ነው።

በውስጥ ያለው ዐውደ ርእይ ግን ከዚህም የበለጠ ያስተምራል። የአገሪቱ ሕዝቦች ዕቃዎች የተደረደሩት በብሔረሰብ ወይም በክፍለ ሀገር አይደለም። በሰው ዕድሜ ነው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከዚያ ወዲያ። የአንዱ ሕዝብ የሕፃን ማዘያ ከሌላው ሕዝብ ማዘያ አጠገብ ነው፤ ጋብቻው ከጋብቻው፣ መቃብሩ ከመቃብሩ። «የእኛ የት ነው?» ብሎ የሚፈልግ ጎብኚ ለጥቂት ጊዜ ግር ይለዋል፤ ቆይቶ ግን በየክፍሉ ራሱን ያገኛል። ባልና ሚስት ሆነው ሲያዩት ደግሞ ከፊታቸው የተዘረጋው የገዛ ሕይወታቸው ይሆናል፤ ያለፉት ከኋላ፣ ገና ያልደረሱበት ከፊት። ፎቁ ላይ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ቤቶች ይታያሉ። ባለቤቴ በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ቆማ «እነርሱም እንደኛ ደክሟቸው ይተኙ ነበር» ስትል የሰማሁት አስተያየት ከብዙ አስጎብኚ ገለጻ ይልቅ አብሮኝ ቆይቷል።

ይህን አደራደር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን ማታ ዕቅዱ ጥንዶቹን ወደ ተቃራኒው አደራደር ይወስዳቸዋል።

የመድረክ እራት

የባህል ምግብ ቤት የምንለው ነገር ዛሬ የራሱ ሥርዓት ያለው የኪነ ጥበብ ዓይነት ሆኗል። ስለዚህ የአንዱን ወይም የሌላውን ቤት ስም ሳልጠራ ስለ ዓይነቱ ልናገር። መሶቡ ይመጣል፤ ጠጁ በብርሌ ይቀርባል፤ መድረኩ ላይ የሙዚቃ ጓዱ ተሰልፏል። ከዚያ ጭፈራው ይጀምራል። ከጎንደር ወደ ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወደ ወላይታ፣ ከወላይታ ወደ ኦሮሞ፣ ከዚያ ወደ ትግራይ። ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ተወዛዋዦቹ ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ ለውጠው ይመለሳሉ።

የተወዛዋዦቹን ሙያ ማቃለል አይገባም። የአሥር ሕዝብ እንቅስቃሴ በአንድ ሰውነት ውስጥ መያዝ፣ በየምሽቱም ላብ እስኪወርድ ድረስ መድገም ከባድ ሥራ ነው። ጉድለቱ የቅርጹ ነው። ሙዚየሙ ሰውን በሕይወቱ ምዕራፎች ደረደረው፤ መድረኩ በብሔረሰብ ዝርዝር ደረደረው። ዘፈኑ ከሠርጉ፣ ከደቦው፣ ከዘመን መለወጫው ተነጥሎ ስምና ልብስ ብቻ ይዞ ይመጣል። ጎብኚው ኢትዮጵያውያን ምን ምን እንደሚለብሱ ያውቃል፤ መቼና ስለ ምን እንደሚጨፍሩ ግን ሳያውቅ ይወጣል። የአገሩ ተወላጅ ደግሞ «የእኔ» እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ሲመጣ ያጨበጭባል፤ ሲያልፍ ወደ እንጀራው ይመለሳል።

ሌላም አለ። ድምፅ ማጉያው ባልና ሚስት እንዳይነጋገሩ ያደርጋል። ለሦስት ቀን ከሥራ አምልጠው የወጡ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ መድረክ አዙረው ይበላሉ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ለተመልካች ተብሎ ያልተዘጋጀ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ገበታው። ሁለት እጆች ከአንድ እንጀራ ይቆርሳሉ፤ አንዱ ለሌላው ያጎርሳል። ጉርሻ ከመድረኩ ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ለማየት ግን ወደ ገበታው መዞር ያስፈልጋል።

መቁጠሪያችንን አንርሳ፤ ሁዳዴ ነው። በዚህ ወቅት ሠርግ አይደገስም፤ በብዙ ቤት ዘፈን ይቀንስና በገና ይሰማል። ዓለሙ አጋን የመሰሉ ደርዳሪዎች በዓለም መድረክ ያስከበሩት ይህ መሣሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያጉረመርም፣ ሰው ዝም ካላለ የማይሰማ ነው። እንግዲህ በጾሙ ወራት «የባህል ምሽት» ብሎ እስክስታ የሚሸጥ ዕቅድ ባህሉን የሚጥሰው በባህል ስም ነው። በገና የሚደረደርበት፣ የጾም ገበታ የሚቀርብበት፣ ጥንዶች በሹክሹክታ የሚነጋገሩበት አንድ ምሽት ማዘጋጀት ለአንድ ምግብ ቤት ባለቤት የሚከብድ አይመስለኝም። እንግዳውም ቢሆን ያንን ሌላ አገር አያገኘውም።

ከመድረኩ በተቃራኒ የነበረው ጥበብ የአዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪ ዝርዝር ይዞ አይመጣም። ስምህን ይጠይቃል፤ አጠገብህ የተቀመጠችው ማን እንደሆነች ያጣራል፤ ከታዳሚው «ተቀበል» ተብሎ የተወረወረለትን ግጥም መልሶ ያዜመዋል። የምሽቱ ድርሰት ጉዳይ አንተው ነህ። ለዚህም ነው ባልና ሚስት ከአዝማሪ ቤት ሲወጡ ስለ አዝማሪው ሳይሆን ስለ ራሳቸው እያወሩ የሚሄዱት። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ስሙን የወረሰው ካዛንቺስ ለረዥም ዘመን የዚህ ጥበብ ሰፈር ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው ፈንድቃም የኖረው እዚያ ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም ከጥንት ቦታው ተነሣ። ጥበበኞች ወደ ሌላ አዳራሽ ሊዛወሩ ይችላሉ። ከጎረቤት ጠላ ቤት ወጥቶ ወደ አዝማሪ ቤት ጎራ የሚለው፣ አዝማሪው በስም የሚያውቀው ታዳሚ ግን በጭነት መኪና አይዛወርም።

እሑድ፤ ክር የሌለው ጨሌ

ስለ አዳዲሶቹ መናፈሻዎች ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ ለዘመናት ተራው ሰው በአጥሩ ሥር ቀና ብሎ ለማየት የሚፈራውን ግቢ ከፍቷል። የግብር አዳራሹን ውስጡ ቆሞ ማየት ብቻውን የአንድ ቀን ዋጋ አለው፤ የአገሪቱ የምግብ ታሪክ ትልቁ ገጽ ነውና። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተመረቀው ወዳጅነት አደባባይ፣ በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ፣ በ2015 የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም፣ ሁሉም በጽዳትና በአያያዝ ከተማዋ ለምዳው የማታውቀውን ደረጃ አሳይተዋል። ልጅ ያላቸው ጥንዶች ሣር ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ማግኘታቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

ችግሩ በመካከላቸው ነው። እያንዳንዱ በአጥር ተከብቦ፣ በር ላይ ቲኬት ቆርጦ፣ የራሱን ካፌ ይዞ ተቀምጧል። ዕቅዱም ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና ያዘልላል። ጥንዶቹ በቀን ሦስት ቆንጆ ቦታ ያያሉ፤ ከተማውን ግን አያዩም። ጨሌዎቹ አሉ፤ የሚያያይዛቸው ክር ግን አይታይም። ከገርጂ ለተነሣ ቤተሰብ ደግሞ የሦስት ቦታ መግቢያና የሦስት ጊዜ መጓጓዣ ተደምሮ የገበያውን አስቤዛ ይነካል። ስለዚህ እኔ ዕቅድ አውጪ ብሆን ለእሑድ አንድ ቦታ ብቻ እመርጣለሁ፤ የቀረውን ጊዜ ለእግር እተወዋለሁ።

ለእግር የሚሆን መንገድ አሁን አለ። ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ መገናኛ የሚወስደው ጎዳና በኮሪደር ልማቱ ሰፊ የእግረኛ መሄጃና የማታ መብራት አግኝቷል። ምሽት ላይ ከገርጂና ከአካባቢው ወጥተው እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚንሸራሸሩ ጥንዶችን አይቻለሁ፤ ቀድሞ በዚያ መንገድ ላይ እንዲህ መሄድ ጉድጓድና ጨለማን መድፈር ነበር። ምስጋናው ይድረስ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የጀበና ቡና ሻጯ በርጩማዋን ዘርግታ፣ ጥቂት ሣር ጎዝጉዛ የምትቀመጥበት ጥግ በዚያ ሰፊ መንገድ ዳር ይኑራት። ሁለት ሰው አርፎ የሚቀመጥበት ምክንያት ከሌለው መንገድ ማለፊያ ብቻ ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት፤ አራዳ

የዓድዋ ዕለት ጥንዶቹ አራዳ ጊዮርጊስ መድረስ አለባቸው። ካቴድራሉ በዓድዋ ድል መታሰቢያነት የታነጸ ሲሆን ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እዚሁ ነው። ፋሺስቶች ያነሡትና ከነፃነት በኋላ የተመለሰው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ከፊቱ አለ። አለፍ ሲል በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይገኛል። ለዓድዋ እንዲህ ያለ መታሰቢያ ያስፈልግ ነበር፤ ዘግይቷል እንጂ በዝቷል የሚል የለም።

ሆኖም በዚያው በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያ ጭምር፣ ፈረሱ። ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የጻፈው የውቤ በረሃ ሌሊት በዚህ አካባቢ የኖረ ነው። ያ ሌሊት ድህነትና ሥቃይም ነበረበት፤ ጭቃውንና የሚያፈሰውን ጣሪያ የምናፍቅ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ድርሰቱን ያነበበ ሰው ዛሬ መጽሐፉን ይዞ ቢሄድ ቦታውን የሚያሳየው ጎረቤት አያገኝም። ዕቅዱ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። «የድሮ ፒያሳ» የሚለውን ሐረግ ግን አሁንም ይሸጣል።

ከዚያ ጣይቱ ሆቴል። በ1900 ዓ.ም. ግድም በእቴጌ ጣይቱ ትእዛዝ የተከፈተው ይህ ቤት የከተማዋ የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ጉዳት አገኘው፤ በውስጡ የነበረው ጃዛምባ የሙዚቃ ቤትም ወደመ። ሆቴሉ እንደተከፈተ የሆነ አንድ ታሪክ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር በነበረበት አገር ገብቶ የሚበላ ጠፋ፤ ያን ጊዜ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተው፣ ራሳቸው ሒሳብ ከፍለው አስለመዱ ይባላል። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ለሣቅ ይነገራል። ለእኔ ግን የዚህች ከተማ የምግብ ሂስ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። አዲስ አበባ እንግዳን በነፃ ከሚያበላ ቤት ወደ እንግዳን ሒሳብ ወደሚያስከፍል ቤት የተሻገረችው በዚህ ደጃፍ ነው። መሻገሩ ግድ ነበር፤ ከተማ ያለ ሆቴል አይሆንም። ይሁን እንጂ ከ100 ዓመት በላይ በኋላ፣ በዕቅዶቻችን ውስጥ ሒሳብ የማይጠየቅበት አንድ ገበታ እንኳ ማጣታችን መሻገራችንን ሳይሆን መንገድ መሳታችንን ያሳያል።

ሰኞ ከሰዓት፤ ገርጂ

እንግዲህ ሦስተኛው ቀን ወደ ብረቱ ደርሷል። የውጭዎቹ ጥንዶች በዚህ ሰዓት ወደ አየር ማረፊያ ይሄዳሉ። የእኛዎቹም ወደዚያው አቅጣጫ ናቸው፤ ከመገናኛ በታክሲ ወደ ገርጂ። ዕቅዱ ለዚህ ከሰዓት የጻፈው ነገር የለም። እኔ ግን የሦስቱ ቀን ማዕከል መሆን ያለበት ይህ ነው ባይ ነኝ።

የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሲነደፉ በየግቢው ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለድግስ የሚሆኑ የጋራ ቤቶች ታስበው ነበር። ነዳፊዎቹ አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ሰው በጠባብ ቤት መኖር ይችላል፣ ሰው የሚጋብዝበት ካጣ ግን ቤቱ ቤት አይሆንለትም። ብዙዎቹ የጋራ ቤቶች ዛሬ ምን ላይ እንደዋሉ እያንዳንዱ ነዋሪ ግቢውን ይመልከት። የሰኞ ከሰዓት ዕቅድ ከዚያ ሊጀምር ይችላል። ከሮባ በኩል ዳቦ ገዝቶ መግባት፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የጾሙን ገበታ ማቅረብ፤ ቡናውን አፍልቶ የደረጃውን ጎረቤት መጥራት፤ የሚያፈጥር ጎረቤት ካለ የማታውን ሾርባ ማድረስ፣ ወይም በእርሱ ቤት መጠራት። ከጎረቤቶቹ መካከል ከፈረሰ ሰፈር የመጣ ካለ እርሱን ማስቀደም። መጽሐፍ ይዞ ፒያሳ የሄደው አንባቢ ያጣው አስጎብኚ እርሱ ነው፤ ዶሮ ማነቂያ የት ጋ እንደነበረ፣ በካዛንቺስ የትኛው አዝማሪ ማንን እንዴት እንደሰደበ ሒሳብ ሳይጠይቅ ይነግራል።

ይህ መስመር በአንድም መምሪያ ላይ አይገኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚሸጥ ነገር የለበትም። ወኪል ኮሚሽን አይቆርጥበትም፤ በሩ ላይ ቲኬት የለም። ሆኖም ባልና ሚስት አብረው እንግዳ የሚቀበሉበት ከሰዓት ለትዳራቸው ከሁለት ቀን ጉብኝት ይልቅ ሊጠቅም ይችላል፤ ለሁለት ቀን የከተማው ተመልካቾች ነበሩ፣ አሁን አስተናጋጆቹ ናቸው።

ለዕቅድ ጸሐፊዎች የማቀርበው አሳብ ከዚህ የሚከተል ነው። መጀመሪያ መቁጠሪያውን ተመልከቱ፤ ጾምና በዓል በዚህ አገር የምግብ ዝርዝር ናቸውና። ቦታዎቹን አሳንሱ፤ በመካከላቸው የሚያስኬደውን መንገድ ግን ጻፉ። ምሽቱን ከብሔረሰብ ዝርዝር አውጡትና ወደ ወቅቱ መልሱት። የፈረሰውን ሰፈር «የድሮ» እያላችሁ አትሽጡ፤ ፈርሷል በሉና ማን ይኖርበት እንደነበረ አንድ መስመር ጨምሩ። የመጨረሻውን ከሰዓት ደግሞ ባዶ ተዉት። ከአውሮፕላን የወረደው እንግዳም ቢሆን በሦስተኛው ቀን ቡና የሚጠራው ቤት ካገኘ፣ ከወርቅነቱና ከብርነቱ ወርዶ ብረት ሆኗል ማለት ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባን አይቻለሁ ቢል እናምነዋለን።